የማር ልጅ ያልሆነችው

እናቴ አብራን የምትኖረውን ሴት የማር ልጅ ልታደርጋት መወሰኗን የነገረችኝ ከቅዳሴ ስንመለስ፣ ከማርያም ቤተ ክርስቲያን ቁልቁለቱን ስንወርድ ነው። ነጠላዋን እያስተካከለች፣ ስለ በርበሬ ዋጋ የምታወራ ይመስል፣ «ከንስሐ አባታችን ጋር ተነጋግረን ጨርሰናል» አለችኝ።

የማር ልጅ ማለት እንዲህ ነው። ልጅ የሚፈልገው ሰው አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ፣ በሰው ፊት፣ ልጅ የሚሆነውን ሰው ያጠባዋል። ያን ጣት የጠባ ሰው ሕፃንም ይሁን ሽማግሌ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከማሕፀን እንደወጣ ይቆጠራል። ይወርሳል፣ ልቅሶ ይቀመጣል፣ ሲሞት በቤተሰቡ መቃብር ይቀበራል። ከቤቱ ልጆች ጋር ደግሞ ወንድምና እህት ይሆናል። እኛ አማሮቹም ኦሮሞዎቹም እናውቀዋለን፤ በኢሉባቦር በዚህ ነገር የሚቀልድ ሰው አላየሁም። የማር ወንድሟን ያገባች ሴት አለች ሲባልም ሰምቼ አላውቅም።

«ብቻሽን ከምትቀሪ እህት ይኖርሻል» አለች እናቴ። ከእኔ ሌላ ልጅ አልነበራትምና ደስታዋ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር።

እኔ ግን እዚያው ቁልቁለቱ ላይ ቆምኩ። ያቺ ሴት እህቴ እንድትሆን አልፈልግም ነበር። በዓለም ላይ ካሉት ሴቶች ሁሉ እህቴ ልትሆን የማትችለው እሷ ብቻ ነበረች።

ለምን እንደሆነ ለመናገር ሁለት ባሎቼን ማንሳት አለብኝ።

የመጀመሪያውን ያገባሁት ጣሊያን በወጣ ማግሥት ነው። በጦርነቱ ምክንያት ጋብቻዬ ዘግይቶ ሃያውን አልፌ ነበርና ቆሞ ቀር ልባል ምንም አልቀረኝም። ጎሬ ፍርድ ቤት የሚሠራ ጸሐፊ ነበር፤ ጎሬም ያኔ የአገረ ገዢው መቀመጫ ስለነበረች የጸሐፊ ሚስት መሆን ትልቅ ነገር ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደረቅ ነበር እንጂ። እራት ላይ የሰው ክስ ከነክርክሩ ይተርክልኛል፣ እኔ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ አዛጋለሁ። መኝታችን ለእሱም ለእኔም ግዴታ ነበር። ሴት ሁሉ እንዲህ ነው የምትኖረው ብዬ አምን ስለነበር አላማረርኩም። ልጅ ስላልመጣ ሽማግሌ ገብቶ ተለያየን፣ ሁለታችንም ቀለለን።

ሁለተኛው ከዳሪሙ ቡና በበቅሎ እየጫነ መቱ ገበያ የሚያወርድ ነጋዴ ነበር፤ ቤቱ ሁሩሙ ነው። እሱን እስከ ዛሬ በደግ አነሳዋለሁ። ጎረቤታችን አንዲት የቀይ ዳማ ሴት ነበረች፣ ባሏ ንብ ያነባል። ከእሷ ጋር ወንዝ ወርደን ልብስ ስናጥብ ቀኑ እንዴት እንደሚሄድብኝ አላውቅም ነበር። ጠዋት በሯ እስኪከፈት እጠብቃለሁ። ባሏ አሞት ያልወጣች ቀን እኔ ነኝ የታመምኩ የምመስለው። ነገሩ ምን እንደሆነ ግን አልጠየቅሁም፤ ባልንጀርነት ነው ብዬ አለፍኩት። እሷም ባልንጀርነት ብቻ ነበር የነበራት፣ እጇን እንኳ ይዤ አላውቅም።

አንድ ቀን ባለቤቴ የበቅሎ ኮርቻ እየጠገነ ጠራኝ።

«ከእኔ ጋር ስትስቂ ሰምቼሽ አላውቅም» አለኝ። «ከእሷ ጋር ወንዝ ስትወርዱ ግን ሳቅሽ እዚህ ድረስ ይሰማል።»

መርፌውን ኮርቻው ላይ ሰካ።

«አልተቆጣሁም። እኔ ልጅ እፈልጋለሁ። አንቺም የምትፈልጊው ነገር አለ፤ እኔ ግን አይደለሁም።»

ያን ያህል ከባድ ነገር እንዲህ በቀላሉ የተናገረ ሰው ከዚያ ወዲህ አላጋጠመኝም። ከሁሩሙ ወደ መቱ፣ ወደ እናቴ ቤት፣ ዕቃዬን በአህያ አስጭኜ በእግሬ ተመለስኩ። ፀሐይ ጠንከር ሲል ጫካው ዳር ካለ ዛፍ ሥር አረፍኩና ለራሴ ነገርኩት። የምወደው ሴት ነው አልኩ። ድምፅ አውጥቼ ነው ያልኩት፤ ከአህያዋ በቀር የሰማኝ የለም። ከዚያ ፈጣሪዬን፣ «አንተ ድሮም ታውቀዋለህ፤ አሁን እኔም አወቅሁት» አልኩት።

በዚያ ዓመት ፍልሰታን በጥሬና በውሃ ጾምኩ። ይህን ነገር አውጣልኝ ብዬ ነበር የጾምኩት፣ አልዋሽም። ማልጄ ሄጄ ቅጽሩ ውስጥ ከሴቶች በር በኩል እቆማለሁ፤ እግሬ እስኪያብጥ እሰግዳለሁ። ጾሙ ሲፈታ ነገሩ እዚያው ነበር፤ የለቀቀኝ ፍርሃቴ ነው። ሌላው ሰው ይህን የሰይጣን ማዘናጊያ ሊለው ይችላል። እኔ የጸሎቴ መልስ ነው ብዬ ያዝኩት፣ እስካሁንም አልለቀቅኩትም። ከዚያ ወዲህ ኑዛዜ ስገባ የንስሐ አባቴ «ሌላስ?» ሲሉኝ ምላሴን፣ ንዴቴን፣ በጾም የቀመስኩትን ወጥ ሁሉ ዘርግፌ «ሌላ የለም አባቴ» እላቸዋለሁ። አልደበቅኳቸውም፤ ከኃጢአቶቼ ጋር ስላልቆጠርኩት ነው።

መቱ እንደተመለስኩ ከአንድ ሙስሊም ነጋዴ መጋዘን ቡና ለቀማ ገባሁ። ሐጂ እያልን የምንጠራቸው፣ ሠራተኛ የማያስለቅሱ ሰው ነበሩ። ሴቶቹ ረድፍ ሠርተን ሰፌዳችንን ጭናችን ላይ አድርገን ጥቁሩን፣ የተሰበረውንና ድንጋዩን ከደህናው ፍሬ እንለያለን። ሥራው ዓይንና ጣት ብቻ ስለሚፈልግ ምላስ ነፃ ነው፤ የከተማው ወሬ ሁሉ እዚያ ይበጠራል።

እሷ የመጣችው በመከር ማብቂያ ላይ ነው። ያዮ ጫካ ውስጥ ቡና ለቅማ ያደገች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። የባሏ ወንድም እንደ አገሩ ደንብ ሊወርሳት ሲል አልፈልግም ብላ አንድ ገንቦ ማርና አንድ ቡልኮ ይዛ ወጥታለች። ሴቶቹ የያዮዋ አሏት፣ እኔም ለጊዜው እንደዚያው አልኳት። አጠገቤ ተቀመጠችና ሳልጠይቃት ጎንበስ ብላ ከእኔ ሰፌድ አንድ ጥቁር ፍሬ አነሳች።

«ዓይንሽ ሌላ ቦታ ነው» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ዓይኔ እጆቿ ላይ ነበር።

ወደድኳት፤ ይህን የምሸፋፍንበት አነጋገር አላውቅም። እሷም ወደደችኝ፤ የነገረችኝም እሷ ናት ቀድማ፣ እኔ ስልፈሰፈስ። ክረምቱ ሲገባ የተከራየችው ጎጆ አፈሰሰና እናቴ ራሷ «እኛ ጋ ትምጣ» አለች። እናቴ በዚያ ዕድሜዋ ከሰው ጋር ቶሎ የምትላመድ አልነበረችም፤ እሷን ግን ከልቧ ወደደቻት። ጥጥ ስትፈትል አጠገቧ ተቀምጣ ታባዝትላታለች። አንዷ በአማርኛ ጀምራ ሌላዋ በኦሮምኛ ትጨርሳለች፣ እኔን ረስተው ይስቃሉ። አንድ ነገር ብቻ አስተውዬ ነበር። መጋዘን ሳለን እንደ ሰው ሁሉ «እትዬ» ብላ በስሟ ነበር የእናቴን ደህንነት የምትጠይቀኝ። ቤታችን ከገባች ወዲህ ግን ስሟን አንስታ አታውቅም። «እርስዎ» ትላታለች፣ ለሌላ ሰው ስትናገርም «የቤቱ እመቤት» ትላለች። አክብሮት መስሎኝ አልጠየቅኳትም።

ዓመታት በዚህ ሄዱ። አብረን እንሠራለን፣ አብረን ቅዳሴ እንቆማለን፣ ከአንድ መሶብ እንበላለን፣ የትንሿ ክፍል አልጋ አንድ ነው። ሁለት ሴቶች አንድ አልጋ ላይ ቢተኙ ማንም ምንም አይልም ነበርና ወሬው የመጣው በሌላ በኩል ነው። የሚጠይቁንን ባሎች ሁሉ መለስን። ጎረቤት፣ ያቺ ዘመድ የሌላት መጤ የአሮጊቷን ቤት ልትወርስ ነው፣ ልጅቷንም ባል እንዳታገባ የከለከለቻት እሷ ናት ይል ጀመር። የንስሐ አባታችን ይህን ሰምተው ነው መፍትሔ ያመጡት። ማር ትጥባና ዘመድ ትሁን፣ ሰውም አፉን ይዝጋ።

በማግስቱ መጋዘኑ ጓሮ፣ ቡና የተሰጣበት ጋ፣ ብቻችንን ስንሆን አነሳሁባት።

«ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።» ፊቷን አዞረች። «እናቴ እኔን ስትወልድ ነው የሞተችው። በዕድሜዬ ‹ኢንተለ ኮ›፣ ‹ልጄ› ብሎ የጠራኝ ሰው የለም። አሁን የምትለኝ እናት ስትመጣልኝ እምቢ በይ አትበዪኝ።»

«እምቢ በይ አላልኩሽም። ግን ጣቷን ከጠባሽ እህቴ ነሽ። እኔ በዚህ አልቀልድም። አልጋዬን ለይቼ እንደ እህቴ አኖርሻለሁ፣ ከዚያ ሌላ ግን የለም።»

«ማን ያየናል?»

«እኛ እናየዋለን። እሱም ያየዋል።»

ተናደደች። «አንቺ እናት ስላለሽ ነው እንዲህ የምትጎርሪው» ብላኝ ቡናውን በእግሯ ማገላበጥ ጀመረች። እውነት ነበር። ያን ቀን እስክንበተን አላናገረችኝም። ስንወጣ ግን መንገድ ላይ ክንዴን ያዘች።

«የባሌ ወንድም ‹አንቺ የእኔ ነሽ› ሲለኝ ማንም አልጠየቀኝም» አለች። «አሁንም ምን እንደምሆን ሰው ነው የሚወስንልኝ። አልጠባም። ግን ዝም ብለን እምቢ ካልን የጠላኋት ይመስላታል። እሱን አልችለውም። እውነቱን ንገሪያት። ካባረረችን አብረን እንወጣለን።»

እናቴን ልነግራት የገባሁት በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ሲመሽ ድፍረቴ እንደሚከዳኝ አውቃለሁ። ደጅ ቁርበቷ ላይ ተቀምጣ ትፈትላለች።

«እማዬ፣ እህቴ ልትሆን አትችልም።»

«ምን አጠፋች?»

«ምንም። እወዳታለሁ።»

«እኔስ ጠላኋት?»

«እንደዚያ አይደለም። ባል ይወደዳል እንደሚባለው ነው። እኔ ባል እንደዚያ ወድጄ አላውቅም፤ የወደድኩት እሷን ነው።»

እንዝርቷ ቆመ። ጭኗ ላይ አስተኛችው፣ ክሩን በጣቷ ጠቀለለችው፣ መልሳ ፈታችው። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እዚህ ቤት ከገባች ጀምሮ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም» አለች በመጨረሻ።

አልገባኝም።

«ዕድሜዬን ከኦሮሞ ጋር ነው የኖርኩት። የባሏን እናት ስም በአፏ የማታነሳ ሴት ማን እንደሆነች አውቃለሁ። ለጉ ነው የሚሉት። ልጅ በስም ትጠራለች፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ምራት ግን አትጠራም።» ድምፅዋ አልተለወጠም። «አክብሮት ነው ብዬ ራሴን እያታለልኩ ከረምኩ። የማሩ ነገር ሲነሳ ደስ ያለኝ ለምን ይመስልሻል? ማሩ ያጠፋዋል ብዬ ነው።»

ስታውቅ ኖራለች። እኔ ሳላስተውል በጓዳዬ የተደረገውን እሷ አስተውላ፣ ሊነቅለው የሚችለውን ነገር መርጣ፣ ምርቃት አልብሳ ይዛልኝ መጥታ ነበር። ተናደድኩ፤ ያን ያህል ስለሚያውቀኝ ሰው ደግሞ ልቤ ተነካ።

«አያጠፋውም» አልኳት። «አፍ ላይ ያለ ማር ነው የሚሆነው። ሰው ፊት እህቴ ናት እያልኩ በሆዴ ሌላ ብይዝ፣ ያን ጊዜ ነው ኃጢአቱ።»

«ይሄስ ኃጢአት አይደለም?»

«ከሆነ እኔ እጠየቅበታለሁ። በውሸት እህትነት ግን አልጠየቅም። ከቤትሽ ውጡ ካልሽም እንወጣለን።»

እናቴ እንዝርቷን አነሳችና ሥራዋን ቀጠለች። ሂጂም ተቀመጪም አላለችኝም።

ቀኑ ተቆርጦ፣ ሰውም ተጠርቶ ነበርና እስከዚያ እሑድ ድረስ በቤታችን ውስጥ ሦስት ሴቶች ተጠንቅቀው እየተላለፉ ኖሩ። እናቴ ግብዣውን አልሰረዘችም። ጠላው ተጠመቀ፣ ዶሮው ተገዛ። ዕቃችንን በልባችን አስረን ነበር የምንጠብቀው። የያዮዋ፣ ካባረረችን ያዮ እንሂድ ትላለች፣ እኔ ደግሞ የባልሽን ወንድም ማን ይችለዋል እላታለሁ።

እሑድ ከሰዓት የንስሐ አባታችን፣ ጎረቤቶቻችን፣ የሐጂ ባለቤትም ሳይቀሩ ተሰበሰቡ። ነጩ የያዮ ማር በጎድጓዳ ሳህን ቀርቦ በሰፌድ ተከድኗል። እሷን ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ እናቴ ፊት አስቀመጧት። ዓይኗ መሬት ላይ ነው፣ ከንፈሯን ገጥማ ይዛለች። ጣቱ ቢቀርብላት አፏን እንደማትከፍት አውቃለሁ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የእናቴ ጣት ሳይጠባ ሲመለስ ታየኝ። ተነስቼ እኔው ልናገር ስል እናቴ ሰፌዱን ከፈት አድርጋ አየችና መልሳ ከደነችው።

«ጉንዳን ገብቶበታል» አለች።

 አንዷ ጎረቤት ልታይ አንገቷን ስታሰግግ እናቴ መዳፏን ሰፌዱ ላይ አሳረፈች።

«እኔ ቤት ማር አለ፣ ላምጣ» አለች ሴትዮዋ።

«እንዲህ ያለ ነገር በተውሶ አይሆንም።»

«እንግዲያው ለሌላ ቀን ይሁን» አሉ አባታችን።

«ይሁን አባቴ፣ ለሌላ ቀን» አለች እናቴ፣ ዶሮውንም እንዲቀርብ አዘዘች። ያ ሌላ ቀን አልመጣም። የሚጠይቃት ሲኖር ደህና ማር ጠፋ ትላለች፣ ማር በሞላበት ኢሉባቦር ተቀምጣ።

እንግዶቹ ሲወጡ እኛ ሁለታችን ቆመን ቀረን። እናቴ ጓዳ ገብታ የቅቤ ቅሏን ይዛ ወጣች፣ መደብ ላይ ተቀመጠችና «ነይ» አለቻት። እግሯ ሥር አስቀምጣ ሹሩባዋን ፈታችው። ለጋ ቅቤ በመዳፏ አሙቃ ከመሀል አናቷ ጀምራ ቀባቻት። ሙሽራ የባሏ ቤት ስትገባ አማቷ እንደዚያ ነው የምትቀባት፤ ሦስታችንም እናውቃለን፣ ማናችንም አልተናገርንም። የያዮዋ አለቀሰች፤ ቅቤው ከእንባዋ ጋር ጉንጯ ላይ ወረደ።

«አንቺ ምን ትገተሪያለሽ፣ ውሃ አሙቂ» አለችኝ እናቴ። ወደ ጓዳ ስዞር ደግሞ፣ «ከፈጣሪሽ ጋር ራስሽ ተነጋገሪ። እኔ እናትሽ ነኝ እንጂ ቄስ አይደለሁም» አለችኝ። ከዚያ በኋላ በዚህ ጉዳይ አንድ ቃል አልጨመረችም። የጉንዳኑን ውሸት ግን ለሁዳዴ ተናዘዘችው። አባታችን ስግደት አዘዙባት፤ በተነሳች በተቀመጠች ቁጥር «በአንቺ ምክንያት ጉልበቴ አለቀ» እያለች ስትወቅሰኝ ሁዳዴው አለፈ።

ስታረጅ በሰው ፊት «ምራቴ» ትላት ጀመር። ከቅዳሴ ስንወጣ፣ «ምራቴ፣ ክንድሽን ስጪኝ» ትላለች፣ ድምፅዋን ዝቅ ሳታደርግ። ሴቶቹ እኔን ከንፈር ይመጡልኛል፤ አይ እርጅና፣ ወንድ ልጅ ሳይወልዱ ምራት አሉ ይላሉ። የአጽዋማቱን ቀን ሁሉ በቃሏ የምታወጣ፣ የከተማውን ሰው እስከ ቅድመ አያቱ የምትቆጥር ሴት ነበረች። እኔም «አዎ፣ አርጅታለች» እላቸዋለሁ። የያዮዋ ነጠላዋ ውስጥ ተሸሽጋ ትስቃለች።

እናቴ የሞተችው ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ሳሉ፣ በጥቅምት ነው። ልቅሶው ላይ ከጎሬም ከሁሩሙም ሰው መጣ፤ ሁለተኛው ባለቤቴ እንኳ ከልጆቹ ጋር መጥቶ ደጅ ቆሞ አለቀሰላት። ሴቶቹ በየተራ በስሟ እየጠሩ ሙሾ ያወርዱላታል። እትዬ እያሉ፣ ደግነቷን እያነሱ። የያዮዋ ከሁሉም ይልቅ ተጎድታ፣ ድምፅዋ እስኪዘጋ አለቀሰች፤ ስሟን ግን አንድ ጊዜም አላነሳችም። «የቤቱ እመቤት» ነው የምትለው፣ «የቀባሽኝ» ነው የምትለው።

ከጎሬ የመጣች፣ የእኛን ቤት የማታውቅ አንዲት ሴት አስከሬኑ ራስጌ፣ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። የያዮዋን ከላይ እስከ ታች አየቻትና ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«ይህቺ ስማቸውንም አታውቅም እንዴ?» አለችኝ። «ምናቸው ናት?»

እህቴ ናት ማለት እችል ነበር። አብራን የምትኖር ናት ማለት እችል ነበር፣ ለዓመታት ስል የኖርኩትን።

«ምራቷ ናት» አልኩ፣ ሰው እንዲሰማ።

ሴትዮዋ ደነገጠች፤ አላወቅሁም፣ ይቅርታ አለች። ተነስታም ራስጌውን ለቀቀችላት።